መስከረም ላይ ኤምቢኤ እጀምራለሁ፤ አካውንቲንግ ተምሬ አላውቅም፣ ከየት ልነሳ?

ጥያቄ፦ ፋርማሲስቷ

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በፋርማሲ ነው፤ መስከረም ላይ የማታ ኤምቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) እጀምራለሁ። ከኮርሶቹ መካከል አካውንቲንግ፣ ፋይናንስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ማርኬቲንግ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ኦፕሬሽንስ፣ ስትራቴጂ እና የምርምር ዘዴ አሉ። ዴቢትና ክሬዲት እንኳ ለይቼ አላውቅም። ሁለት ወር አለኝ፤ በሳምንት ስምንት ሰዓት ያህል ማጥናት እችላለሁ። የቱን ላስቀድም? ኮርሶቹ ላይስ ምን ያሠራሉ?

መልስ፦ ሚዛን

እህቴ፣ አካውንቲንግን አስቀድሚ። ያለሱ ፋይናንስ አይገባሽም። የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉውን ለእሱ ስጪው። መዝገብ ያዥ እንድትሆኚ አይደለም የሚፈለገው፤ የሀብትና ዕዳ መግለጫ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ እና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ አንብበሽ ድርጅቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እንድትናገሪ ነው።

ዴቢትና ክሬዲትን «መጨመርና መቀነስ» ብለሽ አትያዢ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ዴቢት ግራ፣ ክሬዲት ቀኝ ማለት ብቻ ነው። ሀብትና ወጪ በግራ ሲመዘገቡ ያድጋሉ፤ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ደግሞ በቀኝ።

በምታውቂው ዕቃ እንየው። መድኃኒት ቤቱ የ80,000 ብር መድኃኒት በዱቤ ገዛ፤ ኢንቬንተሪ (ለሽያጭ የተያዘ ዕቃ) ዴቢት 80,000፣ ተከፋይ ሂሳብ (ለአከፋፋዩ ያለበት ዕዳ) ክሬዲት 80,000። ከዚያ ላይ 35,000 ብር የተገዛውን ለአንድ ክሊኒክ በ50,000 ብር በዱቤ ሸጠ። መግለጫው 15,000 ብር ጥቅል ትርፍ ያሳያል፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው፤ አከፋፋዩ ወር ሲሞላ 80,000 ብሩን ይጠይቃል። ትርፋማ ድርጅት ደመወዝ መክፈል የሚያቅተው እንዲህ ነው። ይህን አንድ ምሳሌ በሦስቱም መግለጫዎች ላይ በእጅሽ ጽፈሽ ከጨረስሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አንቺን ሊያምታታሽ ይችላል። መደርደሪያ ላይ ቀድሞ ቀኑ የሚያልፈውን ቀድመሽ ታወጫለሽ። አካውንቲንግ ውስጥ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል» ሲባል ግን የሚወራው ስለ ዋጋው ስሌት እንጂ ካርቶኑ ስለሚነሳበት ቅደም ተከተል አይደለም። በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ በአይኤፍአርኤስ፣ «ኋላ የገባ ቀድሞ ይወጣል» የሚለው ስሌት አይፈቀድም። ቀኑ አልፎበት የተወገደ መድኃኒት ደግሞ ወጪ ሆኖ ትርፉን ይቀንሳል።

መልስ፦ ባለኤክሴሉ

በሚዛን ሐሳብ እስማማለሁ። ሁለተኛውን ወር ለፋይናንስና ለስታቲስቲክስ ክፈይው። የፋይናንስ ኮርስ ዋናው ጥያቄ «ዛሬ ያወጣሁት ብር ወደፊት በሚገባው ብር ይካካሳል ወይ?» የሚል ነው።

500,000 ብር የሚያወጣ የላቦራቶሪ መሣሪያ ተገዝቶ ለአራት ዓመት በየዓመቱ መጨረሻ 200,000 ብር የተጣራ ጥሬ ገንዘብ ያስገባል እንበል። ሲደመር 800,000 ነው፤ ያዋጣል ብሎ መፍረድ ግን አይቻልም። ገንዘቡ የሚጠይቀው ተመን፣ ማለትም ብሩ በዓመት ሊያስገኝ የሚገባው ትርፍ፣ 18 በመቶ ከሆነ የአራቱ ዓመት ገቢ ዛሬ ያለው ዋጋ 538,000 ብር ገደማ ነው፤ 38,000 ያህል ይተርፋል። ተመኑ 22 በመቶ ሲሆን ግን 498,700 ላይ ይወርዳል፤ መሣሪያው ከስሯል። የተመኑ በአራት የመቶኛ ነጥብ መጨመር ብቻ ውሳኔውን ገለበጠው።

ሁለት ስህተት ተጠንቀቂ። ኤክሴል ላይ ኤንፒቪ (NPV) የሚባለው የወደፊት ገንዘብን ዛሬ ባለው ዋጋ የሚያሰላ ፎርሙላ የመጀመሪያውን ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚከፈል አድርጎ ያሰላዋል፤ ስለዚህ 500,000ውን ቅንፍ ውስጥ አታስገቢ፣ ውጭ ላይ ቀንሺው። ካስገባሽው 38,000 መሆን ያለበት 32,200 ገደማ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው፣ የእርጅና ቅናሽን (የመሣሪያው ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ተከፋፍሎ በየዓመቱ ወጪ ሆኖ የሚያዘውን) ከጥሬ ገንዘቡ ላይ መቀነስ ነው። እርጅና ከኪስ የሚወጣ ብር አይደለም፤ የሚነካው ግብሩን ነው። በዓመት 125,000 ብር እርጅና ከተያዘና የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ከሆነ 37,500 ብር ግብር ይቀንሳል፤ የሚደመረው ይሄ ነው።

ለስታቲስቲክስ አማካይ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮች ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን)፣ የመላምት ፍተሻና ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚለካበት ስሌት) ይብቃሽ። ማርኬቲንግና የሰው ኃይል ንባባቸው ይበዛል እንጂ ቀድመሽ ባትዘጋጂም ትደርሺባቸዋለሽ።

መልስ፦ አማካሪ

ስለ መመረቂያ ጥናቱ ልጨምር፤ ሰው የሚዘገየው እዚያ ነውና። «የሠራተኛ ማበረታቻ በሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተፅዕኖ» ዓይነት ርዕስ ከመምረጥሽ በፊት ድርጅቱ መረጃ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን አረጋግጪ። የትብብር ደብዳቤ መያዝ ብቻውን አይበቃም።

የናሙና ብዛት ብዙ ጊዜ የሚሰላው በያማኔ ቀመር ነው፦ የሕዝቡ ብዛት ሲካፈል ለአንድ ሲደመር የሕዝቡ ብዛት ሲባዛ በስህተት መጠኑ ካሬ። 600 ሠራተኛ፣ የስህተት መጠን 0.05፦ 600 ÷ (1 + 600 × 0.0025) = 240። ልክ 240 መጠይቅ ብቻ ከበተንሽ ሁሉም ተሞልቶ አይመለስም፤ ትርፍ ጨምረሽ በትኚ። ከዚያ በፊት 30 ሰው ላይ ሞክሪውና ክሮንባክ አልፋውን (የጥያቄዎቹ መልስ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳየውን ቁጥር) እዪ። ከ0.7 በታች ከሆነ በአንድ ርዕስ ሥር ያሉት ጥያቄዎች አንድ ነገር እየለኩ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ የተለመደ ጥፋት በአሉታ የተጻፈ ጥያቄ ነጥቡ ሳይገለበጥ መግባቱ ነው።

ፋርማሲስቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በጣም ረድታችሁኛል። አንድ የመጨረሻ፦ ክፍል ውስጥ «ኬዝ» ይሰጣል ይባላል። እንዴት ነው የሚዘጋጁለት?

መልስ፦ ሚዛን

ኬዝ ማለት አንድ ድርጅት የገጠመው የውሳኔ ጥያቄ ከነሰንጠረዡ ነው። መጀመሪያ መግቢያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አንብቢ፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ መወሰን እንዳለበት እዚያ ይገኛል። ከዚያ ሰንጠረዡን አስሊ፣ ታሪኩን በመጨረሻ አንብቢ። ኬዙን መልሶ መተረክ ነጥብ አያሰጥም።

ዳቦ ቤት ቅርንጫፍ ይክፈት ወይ ተብሏል እንበል። አንዱ ዳቦ 10 ብር ይሸጣል፣ ዱቄቱና ማገዶው 7 ብር ይፈጃል፣ የቤት ኪራይና ደመወዝ በወር 90,000 ብር ነው። ወጪውን ለመሸፈን 90,000ን ለ3 ብር አካፍዪ፤ 30,000 ዳቦ። ዱቄት ተወዶ 7ቱ ብር 8 ቢሆን 45,000 ዳቦ ይሆናል። አንድ ብር ጭማሪ 15,000 ተጨማሪ ዳቦ ጠየቀ። ወደ ክፍል ስትገቢ ይህን ቁጥርና ሰፈሩ በወር ስንት ዳቦ ሊገዛ እንደሚችል የገመትሽውን አንድ ገጽ ላይ ጽፈሽ ግቢ።