የዓሣ ኩሬ ማኅበራችን የዕቅድ ውይይት፦ የኦክስጅን መለኪያው ፕሮፖዛል

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ዓርብ ይገባል። የምንጠይቀው አንድ የኦክስጅን መለኪያና የስድስት ወር ክትትል ነው። ባለፈው ነሐሴ ጠዋት ቆሮሶ ዓሣው ሁሉ ሞቶ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የተንሳፈፈበትን ቀን የረሳ የለም።

ባለ ኩሬ 3፦ ሰው መድኃኒት ጨምሮበት ነው አልኩ። ብዬ ብዬ ደከመኝ።

ጸሐፊዋ፦ ሦስት ቀን ደመና ነበር። ውሃው ጎመን መስሏል። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው ደቃቁ አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት እሱም ይተነፍሳል። ፀሐይ ከሌለ ገቢው ይቀንሳል፣ ወጪው አይቆምም። ሊነጋ ሲል ካዝናው ባዶ ነው። አልጌውን የሚያበዛውን የዶሮ ኩስ በከረጢት የገለበጠው ማን ነበር?

ባለ ኩሬ 3፦ ስም ጥሪ!

የደብረ ብርሃኑ፦ እኛ ጋ ውሃው ብርድ ነው፣ ኦክስጅን ሞልቶናል። ብሩን ለመኖ አድርጉት።

ላብራቶሪ የሠራው፦ ብርድ ውሃ ይበልጥ ይይዛል፣ ልክ ነህ። ግን እናንተ ወደ 2800 ሜትር ላይ ናችሁ፣ አየሩ ይሳሳል። በ15 ዲግሪ የሚይዘው በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። የሸዋ ሮቢት ቆላ ውሃ በ25 ዲግሪም ያው ነው። መለኪያው እስኪመጣ በሁለት ጠርሙስ እንጀምር፦ አንዱ ግልጽ፣ አንዱ በፎይል የተጠቀለለ። ያለ አረፋ ሞልቶ ከድኖ ኩሬው ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ግልጹ ላይ የጨመረው ኦክስጅን የተጣራ ምርት፣ ጨለማው ላይ የቀነሰው ትንፋሽ። ሲደመሩ ጠቅላላው ምርት። ኦክስጅኑን ኬሚካል ጨምሮ ደለል በሚያወጣው በዊንክለር ዘዴ እናያለን፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ያለ ነው። ደለሉ ቡናማ ከሆነ ኦክስጅን አለ፣ ነጭ ከሆነ የለም። የአረቄ ጠርሙስም ይሆናል።

አባ፦ የምን ጠርሙስ?

ላብራቶሪ የሠራው፦ የታጠበ፣ አባ።

አባ፦ ቢታጠብስ! ማኅበሩ በአረቄ ጠርሙስ ፕሮፖዛል ያስገባል? ፎቶው ወረዳ ሲደርስ ሰካራሞች ሊሉን ነው።

የደብረ ብርሃኑ፦ ብርሌ ይሁና።

ባለ ኩሬ 3፦ ብርሌ ክዳን አለው እንዴ? ሃይላንድ ይሁን።

ላብራቶሪ የሠራው፦ ሃይላንድ ሲጨበጥ አረፋ ይገባዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጠርሙስ ለመግዛት ሰባራ ሳንቲም አልፈርምም።

አባ፦ አረቄ የሚል ቃል ካለበት ስሜን አውጡት።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ «የመስታወት ዕቃ» ብያለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የሚለካ ማነው?

ባለ ኩሬ 3፦ እኔ ሚስቴ አራስ ናት።

የደብረ ብርሃኑ፦ እኔ ሩቅ ነኝ።

ጸሐፊዋ፦ ላብራቶሪ የሠራኸው?

ጸሐፊዋ፦ አለህ?

ባለ ኩሬ 3፦ ለምን አጥር አንጠይቅም? አጥር ቢኖር መድኃኒት የሚጨምር አይገባም። አጥር ደግሞ ይታያል።

አባ፦ ይሄ ያስከብራል። የጥበቃ ቤትም ይጨመር።

ገንዘብ ያዥ፦ ለአጥሩ እፈርማለሁ።

ጸሐፊዋ፦ መለኪያውን አባሪ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» ብዬ።

ጥበቃው፦ ዛሬ ሲነጋጋ የኩሬ 2 ዓሣ ዳር ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርግ ነበር። አሁንም ደመና ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆርቆሮው ስንት ቅጠል ይፈጃል?