«ቦሮው» እና «ሌንድ»፦ የሚምታቱብን ቃላት ከየት ይመጣሉ?

ሰሞኑን አንዲት እህታችን «‹ቦሮው› እና ‹ሌንድ› ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሁሌ ይምታቱብኛል፣ እስቲ አንድ መላ በሉኝ» ብላ ጠይቃ ነበር። ብዙዎቻችሁ ትርጉሙን ጽፋችሁላታል፣ «ቦሮው» መበደር፣ «ሌንድ» ማበደር ነው ብላችሁ። ትርጉሙን ግን እሷም ታውቀዋለች። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ አፍ ላይ ሲደርስ ነው። እኔም በዚህ ጉዳይ ብዙ ስላሰብኩበት ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሱኝ።

በመጀመሪያ «በብዛት የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት» እየተባለ በየቦታው የሚዞረው ዝርዝር ለእኛ የተዘጋጀ አይደለም። እንግሊዝኛን ከእናታቸው አፍ ለሰሙት ነው። «ዜር» የሚል ድምፅ ያላቸው ሦስት ቃላት አሉ፤ አንዱ «እዚያ»፣ አንዱ «የእነሱ»፣ አንዱ «እነሱ ናቸው» ማለት ነው። አሜሪካዊው ተማሪ ሲጽፍ ያደባልቃቸዋል፣ ምክንያቱም ሦስቱንም ያወቃቸው በጆሮው ነው፣ ፊደሉ የመጣው በኋላ ነው። እኛ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለተማርናቸው እምብዛም አንሳሳትባቸውም። የእነሱ ስህተት የእኛን የ«ሠ» እና የ«ሰ» ስህተት ይመስላል። በግዕዝ ፀሐይ ስትወጣ «ሠረቀ» ነው፣ ሌባ ሲወስድ ደግሞ «ሰረቀ»። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥለው ነው፤ «ሰአሊ ለነ» ስንል ግን «ለምኚልን» ማለታችን ነው። ዛሬ ጆሯችን ልዩነቱን ስለማይሰማ እጃችን የቀናውን ይጽፋል።

እኛን በእንግሊዝኛ የሚያደናቅፉን ሌሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ የሚመጡት ከራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛ ዓለምን የሚከፋፍልበት መንገድ አለው፣ እንግሊዝኛም የራሱ አለው፣ ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ነው የምንሳሳተው።

ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ። አማርኛ «አበደረ» እና «ተበደረ» ይላል። ሥሩ አንድ ነው። ሰጪው «አ»ን ይይዛል፣ ተቀባዩ «ተ»ን። «አዋሰ» እና «ተዋሰ»፣ «አከራየ» እና «ተከራየ» እንደዚያው ናቸው። «ተማረ» እና «አስተማረ»ም ቢሆን ከአንድ ግንድ ነው የወጡት። ስለዚህ አእምሯችን የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፣ መነሻው ብቻ የሚቀያየር። እንግሊዝኛ ግን ምንም ዝምድና የሌላቸውን ሁለት ቃላት ይሰጠናል፣ ለሰጪው ሌላ፣ ለተቀባዩ ሌላ። አፋችን ቀድሞ የመጣለትን ይዞ ይወጣና «ካን ዩ ቦሮው ሚ» እንላለን። ሰውየውን «ልትበደረኝ ትችላለህ?» ብለን ጠየቅነው ማለት ነው።

እኔን የረዳኝ ይህ ነው። «ሌንድ» የ«ሎን» ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ከአንድ የጥንት ሥር የመጡ ናቸው። ሎን ደግሞ ባንክ የሚሰጠው ብድር ነው። ባንክ ሰጪ ነው፣ ስለዚህ «ሌንድ» የሰጪው ወገን ነው። «ቦሮው» ለተቀባዩ ይቀራል።

የሚገርመው ኪራይ ላይ እንግሊዝኛ ተገላቢጦሽ ይሆናል። «ሬንት» የሚለው አንድ ቃል የአከራይም የተከራይም ሥራ ይሠራል፣ ለዚህ ነው አሜሪካኖቹ ለአከራዩ «አውት» የሚጨምሩበት፣ እንግሊዞቹም «ሌት» የሚሉት። አማርኛ እዚህ ላይ በአንዲት ፊደል ይገላገላል።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጎረቤት ለጎረቤት «ጨው አበድሪኝ» ትላለች፣ «ድስት አውሺኝ» ትላለች። ቦታ አይለዋወጡም። ጨዉ ይበላል፣ የሚመለሰው ልኩ ነው። ድስቱ ግን ራሱ ይመለሳል። ብር፣ ጤፍ፣ ዘይት ይበደሩታል፤ ጀበና፣ መጽሐፍ፣ ነጠላ ይዋሱታል። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት በግሱ አይለይም፣ ለሁለቱም ያው «ሌንድ» ነው። በእኔ እምነት ይህ የአማርኛ ሀብት ነው፤ አሁን አሁን «መጽሐፍ አበድረኝ» የሚል እየሰማሁ ስለሆነ ይህንንም እንጠብቀው እላለሁ።

ቀጥሎ «ቦርድ» እና «ቦሪንግ»። ስንት ሰው «አይ አም ቦሪንግ» ሲል ሰምቻለሁ። ሊል የፈለገው «ደበረኝ» ነው፣ ያለው ግን «እኔ ሰው የማሰለች ነኝ» ነው። ይህን የሰዋስው ድክመት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። አማርኛ ስሜትን ከውጭ መጥቶ እንደሚይዘን ነገር ነው የሚናገረው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደበረኝ፣ ሰለቸኝ፣ ገረመኝ፣ ናፈቀኝ። በእነዚህ ሁሉ «እኔ» ባለቤት አይደለሁም፣ መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኜ ነው የምገኘው። እንግሊዝኛ «እኔ»ን ፊት አስቀምጦ ስለሚጀምር ግሱን በየት በኩል እንደምናዞረው ግራ ይገባናል። መላው ቀላል ነው። በአማርኛ «ኝ» ካለበት፣ ማለትም ስሜቱ የያዘኝ እኔ ከሆንኩ፣ «ቦርድ» ነው። ስሜቱን ያመጣው ነገር፣ አሰልቺው ፊልም ወይም አሰልቺው ስብሰባ፣ «ቦሪንግ» ነው። «ኢንተረስትድ» እና «ኢንተረስቲንግ»ም፣ «ኮንፊውዝድ» እና «ኮንፊውዚንግ»ም በዚሁ ይሄዳሉ።

«ሚስ»ም ከዚሁ ጎራ ነው። «ናፈቅሽኝ» ስንል ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ «አይ ሚስ ዩ» ሲባል ግን ባለቤቱ እኔ ነኝ። «አውቶቡሱ አመለጠኝ» ስንልም ያመለጠው አውቶቡሱ ነው፣ እንግሊዝኛው ግን ጥፋቱን ለተሳፋሪው ያደርገዋል። የከተማ ልጆች «ሚስ አድርጌሃለሁ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ እዚያ ላይ ባለቤቱ ተቀይሯል፤ ቃሉ ብቻ አይደለም የገባው፣ የእንግሊዝኛው አሰካክም አብሮ ገብቷል።

«ባይ» እና «አንቲል» ደግሞ ሥራ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ያስቸግራሉ። እዚህ አሜሪካ ሥራ እንደጀመርኩ ለአለቃዬ ሥራውን «አንቲል ፍራይደይ» እጨርሳለሁ ብዬ ጻፍኩለት። ማለት የፈለግኩት «እስከ ዓርብ ያልቃል» ነው። እሱ የተረዳው እስከ ዓርብ ድረስ ስሠራው ቆይቼ ከዚያ እንደምተወው ነው። ጠርቶኝ «ከዓርብ በኋላ ማን ይረከበው?» ሲለኝ ግራ ገባኝ። በኋላ ነው የገባኝ። የእኛ «እስከ» ሁለቱንም ይሸከማል። «ሱቁ እስከ ማታ ክፍት ነው» እንላለን፣ «እስከ ዓርብ አስገባ»ም እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። እኔ የምጠቀምበት መለያ ይህ ነው፦ «እስከ»ን አንሥታችሁ «ከዓርብ አይለፍ» በሚለው ተኩት። ትርጉሙ ካልተበላሸ «ባይ» ነው። ከተበላሸ «አንቲል» ነው። ሱቁ ላይ ሞክሩት፣ «ሱቁ ከማታ አይለፍ» አይሆንም።

አሁን ወደ አደገኛው ልምጣ። ቀለም ማቅጠኛ ወይም ቤንዚን ነክ ነገር ያለበት ቆርቆሮ ላይ «ኢንፍላመብል» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ምን ይመስላችኋል? አብሮኝ መጋዘን ይሠራ የነበረ ልጅ «አይቀጣጠልም ማለት ነው» ብሎ ከማሞቂያው አጠገብ ሲደረድራቸው ደርሼበታለሁ። ቃሉ ግን «በቀላሉ ይቀጣጠላል» ነው የሚለው። መነሻው የላቲን ግስ ነው፣ «ኢን» የሚለው እዚያ ውስጥ አፍራሽ አይደለም፣ ማቀጣጠሉን የሚያጠነክር ነው። ራሳቸው ተናጋሪዎቹም ይሳሳቱበታል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ሰዉ በምትኩ «ፍላመብል» የሚለውን እንዲጠቀም መወትወት የጀመረው። ስለዚህ «ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል» አንድ ናቸው፤ የማይቀጣጠለው «ነንፍላመብል» ነው።

ለእኛ ግን ወጥመዱ ድርብ ነው። እኛም ከግዕዝ የወረስነው አፍራሽ «ኢ» አለን። ኢፍትሐዊ፣ ኢሰብአዊ፣ ኢሕገ መንግሥታዊ። ዓይናችን ከፊት «ኢ»ን ሲያይ «የማይ» ብሎ ለማንበብ ተዘጋጅቷል። ያ ልጅም ያነበበው በራሱ ቋንቋ ሕግ ነው።

«ኢንቫልዩዌብል»ም እንደዚሁ ያሳስታል። «ዋጋ የሌለው» ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን «ዋጋ የማይተመንለት» ነው። እዚህ ላይ «ኢን» እውነተኛ አፍራሽ ነው፤ የሚያፈርሰው ግን ዋጋውን ሳይሆን መተመኑን ነው። ምስጋና ስትጽፉ ተጠንቀቁ፣ «ወርዝለስ» ብላችሁ ብትጽፉ ሰውየውን «እርዳታህ እርባና ቢስ ነው» ብላችሁታል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። «አፌክት» (ተጽዕኖ ማሳደር) ግስ ነው፣ «ኢፌክት» (ተጽዕኖ፣ ውጤት) ስም። ለዚህ አማርኛችን ራሱ ጥሩ ማስታወሻ አለው፦ «አ» የአድራጊ ግስ መነሻ ነው፣ አበላ፣ አወጣ፣ አሳመመ፣ አናወጠ። «አፌክት»ንም እዚያ ሰልፍ ውስጥ አስገቡት። «ኢፌክት ቼንጅ» ሲባል፣ ማለትም ለውጥ ማምጣት ሲሆን፣ «ኢፌክት»ም ግስ ይሆናል፣ ግን በየቀኑ የሚገጥማችሁ አይደለም።

«ኢምፕላይ» እና «ኢንፈር» የሚምታታበት ሰው ቅኔን ያስብ። ባለቅኔው ወርቁን በሰሙ ውስጥ ይሸፍናል፣ ይህ «ኢምፕላይ» ነው። አድማጩ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ያወጣል፣ ያ «ኢንፈር» ነው። ተናጋሪ «ኢንፈር» አያደርግም።

«ሌስ» እና «ፊወር» (ሁለቱም «ያነሰ») ላይ ግን ብዙ አትጨነቁ። የሚቆጠር ከሆነ «ፊወር»፣ የማይቆጠር ከሆነ «ሌስ» የሚለው ሕግ የመጣው ሮበርት ቤከር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1770 «እንዲህ ቢባል ይሻላል» ብሎ ከጻፈው የግል ምርጫው ነው። ከዚያ በፊት ለዘመናት «ሌስ» ለሁለቱም ይነገር ነበር። እስከ ዛሬ ግን ሰው ይጣላበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእንግሊዙ ሱፐርማርኬት ቴስኮ ከዚሁ ክርክር ለመውጣት ብሎ «10 ዕቃ ወይም ከዚያ ያነሰ» የሚለውን የሒሳብ መክፈያ ማስታወቂያውን «እስከ 10 ዕቃ» በሚል ቀይሮታል። ለፈተና ወይም ለሥራ ደብዳቤ ሕጉን ጠብቁ፣ በወሬ መሃል ግን ሰው አታርሙበት። እኛም «ትንሽ ሰው መጣ» ብለን «ጥቂት ሰው» ማለታችን መሆኑ ይገባናል።

«የእኛ እንግሊዝኛ ደካማ ስለሆነ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁም አላችሁ። አልስማማም። «ቴብል» የሚለው ግስ በእንግሊዝ «አጀንዳውን አሁኑኑ ጠረጴዛ ላይ አቅርቡት» ማለት ነው፣ በአሜሪካ ደግሞ «ለጊዜው ይቆይ»። የጊዜው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል እንደጻፈው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ እና የአሜሪካ የጦር ባለሥልጣናት በዚህ ቃል የተነሳ ረጅም ክርክር ገጥመው፣ በኋላ ላይ ነው ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን ያወቁት። እነዚህ ቋንቋውን ከጡት ጋር የጠቡ ሰዎች ናቸው።

የመጨረሻው የእኔ ጉዳይ ነው፣ ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። አክስቴን ለማስተርጎም አንድ ክሊኒክ አብሬያት ሄጄ ነበር። «እግሬን እየወጋኝ ነው፣ መርገጥ አቃተኝ» አለች። እኔ «ሌግ» አልኩ። ሐኪሙ ጉልበቷን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ባቷን ጫን ጫን አደረገ፣ «እዚህ ጋ? እዚህስ?» እያለ። እሷ በትዕግሥት «አይ፣ አይደለም» ትላለች። እኔም እተረጉማለሁ። ብዙ ከቆየን በኋላ ጫማዋን አወለቀችና ተረከዟን በሁለት እጇ ያዘችው። ያኔ ነው የደነገጥኩት። አማርኛ ከጭን እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ «እግር» ይላል፣ እንግሊዝኛ ግን ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን «ፉት» ብሎ ይለየዋል። «እጅ»ም እንዲሁ «አርም»ንም «ሃንድ»ንም ይይዛል፣ «ጣት» የእጅም የእግርም ነው። «ወገቤን» ያለችን እናት ደግሞ «ዌስት» ብለን ከተረጎምንላት ሐኪሙ መቀነት የምታስርበትን ቦታ ያያል፣ እሷ ግን የታችኛው ጀርባዋን ነው ያመማት።

አማርኛ ቃል አጥቶ እኮ አይደለም። ጭን፣ ጉልበት፣ ባት፣ ቅልጥም፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር፣ ሁሉም አሉ። ስናወራ ግን «እግሬን» ብለን እናልፋለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ክሊኒክ ከመግባታችን በፊት መኪና ውስጥ «እትዬ፣ በጣትሽ አሳዪኝ» እላታለሁ። ታሳየኛለች፣ ቃሉን አዘጋጅቼ እገባለሁ።

ከእናንተ መሃል ሐኪም ቤት የምታስተረጉሙ ካላችሁ «ውጋት» እና «ቁርጥማት»ን ምን ብላችሁ እንደምታስተላልፉ ጻፉልኝ። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው።