ደም እየፈሰሰ እንዴት ሕብረ ሕዋስ ይባላል? (የ9ኛ ክፍል ሥነ ሕይወት)

ጠያቂ፦ መምህርት ከአዘዞ

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ለ9ኛ ክፍል የሕያዋንን አደረጃጀት አስተምራለሁ፤ ሕዋስ፣ ሕብረ ሕዋስ፣ ብልት፣ ሥርዓት፣ ዘአካል (ሙሉው ሕያው ነገር) እያልን የምንዘረዝረውን ማለቴ ነው። ተማሪዎች ዝርዝሩን በቃላቸው ይወጡታል፤ ስሙን ከነገሩ ጋር ማገናኘት ላይ ግን ይቸገራሉ። ደም እየፈሰሰ እንዴት ሕብረ ሕዋስ ይሆናል? የዶሮ 12ቱ ብልት በሥነ ሕይወትም ብልት ነው ወይ? ትልቅ የሆነ ሁሉ ከፍ ያለ እርከን ነው? እነዚህ ሦስቱ በየዓመቱ ይነሣሉ። በእጃችን ያለው አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ስላይድና አዮዲን ነው። የሽንኩርት ስላይድ ሲሠሩ ደግሞ ጥቁር ጠርዝ ያለው ክብ ነገር ያዩና «ሕዋስ አገኘን» ይላሉ። በምን መንገድ ባሳያቸው ይሻላል?

መልስ፦ ላብራቶሪ

መምህርት፣ ያ ክብ ነገር የአየር አረፋ ነው። የሽንኩርት ሕዋስ ክብ አይደለም፤ እንደ ተደረደረ ጡብ ረዘም ረዘም ያለ ነው።

ቀይ ሽንኩርቱን ለአራት ይክፈሉ፤ ከድርብርቡ አንዱን ያላቁና ከጎድጓዳው ጎን ስሱን ሽፋን በወረንጦ ይላጡ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር በግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ስላይዱ ላይ የውኃ ጠብታ አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ሽፋኑ በአየር ላይ ከቆየ ይጠቀለልና ሁለት ንብርብር ሆኖ ስለሚታይ ማንም ምንም አይለይም። አዮዲኑን የቀጠነ ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥነው አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ 2 ደቂቃ ያቆዩት። መሸፈኛዋን ብርጭቆ በአንድ ጠርዟ አስነክተው በመርፌ ደግፈው ቀስ ብለው ያስተኟት። አረፋ የሚገባው ከላይ ጣል ሲያደርጓት ነው። ትርፉን ውኃ በሶፍት ጫፍ ያስመጥጡ።

በመጀመሪያ በትንሹ ሌንስ ያግኙት፤ ተማሪ ቀጥታ ወደ ባለ 40 ሌንሱ ከሄደ ስላይድ ይሰበራል። ከዚያ ልኬት ያሠሯቸው፤ ይህ ከሁሉ ይበልጥባቸዋል። ባለ 4 ሌንሱ ሥር ግልጽ ማስመሪያ አድርጉና የሚታየው ክብ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ያንብቡ። 4.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በባለ 10 ሌንሱ 1.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል (4.5 × 4 ÷ 10)። ክቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሕዋሳት በቁመታቸው ከሞሉት አንዱ ሕዋስ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ተማሪው ከመጽሐፉ ገልብጦ አረንጓዴ ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል) ይሥላል። የሽንኩርት ራስ ውስጡ ብርሃን ስለማያገኝ ክሎሮፕላስት የለውም። ያየውን ብቻ ይሣል።

መልስ፦ ሥነ ሕይወት

ላብራቶሪ ያሉት ስላይድ ሁለት እርከን በአንዴ ያሳያል፤ አንዱ ጡብ ሕዋስ፣ ከጡቦቹ የተሠራው ግድግዳ በሙሉ ሕብረ ሕዋስ ነው። እዚያው ላይ ቆማችሁ ተነጋገሩበት።

ደምን በተመለከተ፣ ስህተቱ ሕብረ ሕዋስ ማለት የተጣበቀ ነገር ነው ብሎ ማሰብ ነው። ሕብረ ሕዋስ ማለት ለአንድ ዓይነት ሥራ የተሰማሩ ሕዋሳትና በመሃላቸው ያለው ነገር ነው። በአጥንት ውስጥ በመሃል ያለው ነገር ጠንካራ ነው፤ በደም ውስጥ ፈሳሽ ነው፤ ፕላዝማ እንለዋለን፣ ከደሙ 55 በመቶ ያህል ይሆናል። አጥንትም ደምም አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ናቸው።

የዶሮው ጥያቄ ግሩም ነው፤ አይዝለሉት። የወጥ ብልት ቢላዋን ይከተላል፣ የሥነ ሕይወት ብልት ሥራን ይከተላል። ቅልጥም ውስጥ ቆዳ፣ ጡንቻ፣ አጥንት፣ የደም ሥር ተቀላቅሎ አለ፤ ከብዙ ብልቶች የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ልቧና ጉበቷ ግን በሁለቱም ቋንቋ ብልት ናቸው።

መጠን መለኪያ እንዳልሆነ ለማሳየት እንቁላል ይዘው ይግቡ። አውራ ዶሮ ካልነካት ዶሮ የተገኘ እንቁላል አስኳሉ አንድ ሕዋስ ነው። ጉንዳን ከአስኳሉ ብዙ ጊዜ ታንሳለች፤ ግን አንጎል፣ አንጀትና ጡንቻ ያላት ሙሉ ዘአካል ናት። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል።

ለብልት ደግሞ የበግ ልብ ይግዙ። ሥጋ ቤቱ እንዳይሰነጥቀው አስቀድመው ይንገሩ፤ የተሰነጠቀ ልብ ለዚህ አይሆንም። ከግራው ጎን ከጫፉ ወደ ላይ ይክፈቱት። የግራው ግድግዳ ከቀኙ በጣም ይወፍራል፤ ቀኙ ደም ወደ ሳንባ ብቻ፣ ግራው ወደ መላው አካል ይገፋልና። ውስጡ የሚያንሸራትተው አንጸባራቂ ሽፋን አንድ ሕብረ ሕዋስ፣ ቀዩ ሥጋ ሌላ፣ ነጩ በር (ቫልቭ) ሌላ ነው። በሩን ከታች የሚይዙትን ክር የመሰሉ ጅማቶች በእስክሪብቶ ጫፍ ሳብ አድርገው ያሳዩአቸው፤ በሩ ወደ ላይ እንዳይገለበጥ የሚገቱት እነርሱ ናቸው።

ጠያቂ፦ መምህርት ከአዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዘአካል በላይ ያለውን (ሕዝብ፣ ማኅበረሰብ፣ ሥነ ምኅዳር) በምን ላያይዘው? የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ አስቤ ነበር።

መልስ፦ የጤና ባለሙያ

ጭላዳ ለላይኛው ይሆናል፤ ከሕዋሱ ጀምሮ ግን አይወጣልዎትም። ካላዛር የተባለውን በሽታ ይሞክሩት፤ የሀገራችን ነገር ነው፤ እርከኑን ሁሉ አንድ በአንድ ይነካል።

አምጪው ሌይሽማኒያ ባለ አንድ ሕዋስ ነው፤ ሕዋሱ ራሱ ዘአካል ነው። ሰው ውስጥ ሲገባ ከ2 እስከ 4 ማይክሮ ሜትር ይሆንና ተህዋስያንን እየዋጠ የሚያጠፋውን ነጭ የደም ሕዋስ ቤቱ ያደርገዋል። ቀጥሎ መቅኔ ይጎዳል (ሕብረ ሕዋስ)፤ ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ (ብልት)፤ ቀይ ሕዋስ፣ ነጭ ሕዋስና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ሦስቱም ይቀንሳሉ (ሥርዓት)። ሰውየው ከ2 ሳምንት በላይ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ይከሳል፣ ይነስረዋል (ዘአካል)።

በሕዝብ እርከን ደግሞ ከደጋ ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ይጠቃሉ፤ በሽታውን ከዚህ በፊት ስለማያውቀው ሰውነታቸው አልተዘጋጀም። በማኅበረሰብ እርከን አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ፣ ግራሩና ሰው አብረው ይገኛሉ። በሥነ ምኅዳር ደረጃ የዋልካው አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ለዝንቧ መጠለያ ይሆናል።

ለቡድን ሥራ ይህን ይስጧቸው፦ መድኃኒቱ በየትኛው እርከን ይሠራል? አጎበሩስ? ለሠራተኞቹ ከመውረዳቸው በፊት የሚሰጠው ትምህርትስ? ትኩሳቱ ያልበረደለት ሰው መጀመሪያ ወባ መስሎት ሲዘገይ የትኛው እርከን ይጎዳል?