ሐዘን የሚቀረጽበት ስፍራ ራሱ ማዘን አለበት ወይ?

አወያይ፦ ሞት፣ ግፍና ሐዘን የሞላበት ተከታታይ ድራማ ሲቀረጽ አንዳንድ ዳይሬክተሮች ተዋናዩ ከስሜቱ እንዳይወጣ በማለት ሳቅንና ጨዋታን ቀኑን ሙሉ ይከለክላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የድራማው ጨለማ ከካሜራው ፊት አልፎ ወደ ሠራተኞቹ መድረስ የለበትም ይላሉ። የትኛው ነው ትክክል?

ተዋናይት፦ እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ። ቀረጻ የታሪኩን ቅደም ተከተል አይከተልም፤ ጠዋት ልጄን ቀብሬ ከሰዓት በኋላ ያው ልጅ ሲወለድ የነበረኝን ደስታ እንድጫወት ልታዘዝ እችላለሁ። በዚያ ላይ አንዱ ትዕይንት ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ በባልደረባዬ ትከሻ በኩል እየተባለ ደጋግሞ ይቀረጻል፤ ብዙ ጊዜም ካሜራው ሩቅ ሳለ የመጣው እንባ ወደ ፊቴ ሲቀርብ ይደርቃል። ከመብራቱ ጀርባ አንድ ሰው በሳቀ ቁጥር የተበጠሰውን ስሜት መልሶ መቀጠል፣ ይዞት ከመቆየት ይልቅ ያደክመኛል።

የድምፅ ባለሙያ፦ እህቴ የገለጹት ድካም እውነት ነው፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም፤ ምክንያቴንም ከሥራዬ ተነሥቼ ላስረዳ። ዳይሬክተሩ «ከት» ብሎ ቀረጻውን ካስቆመ በኋላ በተዋናዩ ልብስ ሥር የተደበቀችው ትንሽ ማይክሮፎን ወዲያው አትጠፋም። መብራት ሲነሣ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ሁሉም ወደየሥራው ሲዞር፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ያደረግሁት እኔ ልቅሶው እንዳላበቃ እሰማለሁ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጉሮሮ ይዋጣል፣ ጨርቅ ደረት ላይ ይንሿሿል። ይህ የግል ነገር ስለሆነ ድምፁን እቀንሳለሁ፤ እስካሁን ግን አንድም ቀን ደስ ብሎኝ ቀንሼው አላውቅም። ተዋናዩ ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን ቢያውቅም ሰውነቱ ቶሎ አይረዳለትም።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ማዘን ይህን ሰው ምን ይጠቅመዋል? ሳቅ በተከለከለበት አንድ ቀረጻ ላይ ለሳምንታት ሠርቻለሁ። ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ረዥሙን የማይክሮፎን ዘንግ የሚይዘው ልጅ ነበር፤ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ አንዱን የሞት አልጋ ከጠዋት እስከ ማታ ቁልቁል ሲያይ ይውላል፤ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ስለሌለው ሐዘኑን የሚያወጣበት መንገድ አልነበረውም፤ እንዴት ዋልክ ያለውም ሰው የለም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። በግፍ የታሰሩ አምስት ታዳጊዎችን እውነተኛ ታሪክ የሚተርከው የአቫ ዱቬርኔይ «ዌን ዜይ ሲ አስ» (እ.ኤ.አ. 2019) ሲቀረጽ የሥነ ልቦና አማካሪዎች ቀርበው ነበር፤ ስለ ባርነት በሚተርከው የባሪ ጄንኪንስ «ዘ አንደርግራውንድ ሬይልሮድ» (እ.ኤ.አ. 2021) ቀረጻ ላይም እንዲሁ ተደርጓል። ሁለቱንም ያየ ሰው ሠራተኛው ስለታሰበለት የድራማው ክብደት ቀለለ ሊል አይችልም።

ረዳት ዳይሬክተር፦ ስለ ሳቅ ስንከራከር ሰዓቱን ዘነጋነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ የመጨረሻው ምዕራፍ የሌሊት ጦርነት ለ55 ሌሊት እንደተቀረጸ ተነግሯል፤ እንዲህ ያለውን መርሐ ግብር የትኛውም ጨዋታ አያቀለውም። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የካሜራ ረዳት ከ19 ሰዓት በላይ ፊልም ሲሠራ ውሎ ወደ ቤቱ ሲነዳ እንቅልፍ ጥሎት ሞቷል። የአሜሪካ የቀረጻ ሠራተኞች በሁለት የሥራ ቀናት መካከል 10 ሰዓት፣ ከአምስት ቀን ሥራ በኋላ ደግሞ 54 ሰዓት ዕረፍት በስምምነት ያስገኙት እ.ኤ.አ. በ2021 ለአድማ ድምፅ ከሰጡ በኋላ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው።

የሜካፕ ባለሙያ፦ ስለ ሕፃናትም ይታሰብ። ከስኳር ሽሮፕ የሚሠራው የውሸት ደም ሲደርቅ ቆዳን ይጨመድዳል፤ ከአንድ ሕፃን አንገት ላይ ለብ ባለ ውኃ ሳስለቅቅ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ጓደኞቹ እያጫወትሁ ካላሳቅሁት፣ ያ ደም የማን ነው ብሎ ይጠይቀኛል። በዚያች ሰዓት ዝም በይ የሚለኝን ዳይሬክተር አልታዘዝም።

ተዋናይት፦ ስለ ሕፃኑ የተባለውን ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ ዘንግ ስለሚይዘው ልጅ ግን እስከ ዛሬ አስቤ አላውቅም፣ በዚህም አዝናለሁ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያልኩትን እተዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልተውም፤ ቀረጻው በ«አክሽን» ትእዛዝ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ከ«ከት» በኋላም አንድ ደቂቃ ማንም ወንበር ሳይጎትት፣ ማንም ስለ ቀጣዩ ትዕይንት ሳይጠራኝ ዝምታ ይሁን። ረዳት ዳይሬክተሩ ያችን ደቂቃ በመርሐ ግብሩ ላይ ሊያሰፍሯት ይችላሉ?

ረዳት ዳይሬክተር፦ እችላለሁ። በእያንዳንዱ ከባድ ትዕይንት ሥር አሰፍራታለሁ፤ ፕሮዲውሰሩ ሊሰርዛት ቢሞክር ግን እርስዎም አብረውኝ መቆም ይኖርብዎታል።