«በዓል የሚያከብር ሰው ጣና ላይ ምን አመጣው?»

የደንገል ልጅ፦ ከትናንት ወዲያ የጀልባ ባለቤቶችና የአስጎብኚዎች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እስካሁን ደሜ አልበረደም። ከመስቀል በኋላ የመጡትን አይሁዶች ታስታውሳላችሁ። 14 ሰው፤ ግማሹ ከአሜሪካ፣ ግማሹ ከእስራኤል፣ ሦስቱ ጎንደር የተወለዱ። ዘጌ፣ ደቅ ደሴት፣ ጎርጎራ፤ አራት ቀን፤ አዳሩ ጀልባው ላይ። የዳስ በዓላቸው (ሱኮት) ዓርብ ማታ ገባ፤ መጀመሪያው ላይ እንደ ሰንበት አይጓዙም። ስለዚህ ጀንበር ሳትጠልቅ ደቅ ላይ አስረን እስከ እሑድ ማታ አልተንቀሳቀስንም። ይሄ ሲነሣ አንዱ ባለ ጀልባ ቆሞ ምን ይላል? «በዓል የሚያከብር ሰው ሆቴሉ ይቀመጥ፤ ጣና ላይ ምን አመጣው?» ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እንግዳ ጠፋ ብለን ስናለቅስ ከርመን፣ የመጣውን ለምን መጣህ እንላለን?

ካፒቴኑ፦ ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። ደግሞም ያንን ጀልባ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የመሳቅ መብት አለኝ። አንተ ቆምክም ሄድክም አበልህ ይቆጠራል። ጀልባ ሲቆም ግን ሌላ ሰው አይጭንም። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ጉማሬ ውኃ ውስጥ ተኛን።

ሲስ ባሕር ዳር፦ ነዳጅ አልተቃጠለ፣ ሞተር አልተነካ። ምንህ ከሰረ?

ካፒቴኑ፦ ቀኔ።

ዲያቆን፦ ከብሩ በፊት ሌላ ነገር አለ። መጽሐፈ ኩፋሌን ክፈቱ፣ መጨረሻውን ምዕራፍ። በሰንበት እሳት የሚያነድ፣ እንስሳ የሚጋልብ፣ በባሕር በመርከብ የሚሄድ ሞት ይገባዋል ይላል። ኩፋሌን የጎንደሮቹ አይሁዶችም እኛም የምንቀበለው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ሰውየው «ጣና ላይ ምን አመጣው» ያለው በአጋጣሚም ቢሆን መጽሐፍ ላይ ወድቋል።

የደንገል ልጅ፦ ዲያቆን፣ «የሚሄድ» ነው የሚለው። እኛ ቆመን ነበር።

ባለ ባጃጁ፦ ቆይ፣ ጣና ባሕር ነው እንዴ? ሐይቅ ነው። ሕጉ አይመለከተውም። አለቀ።

ዲያቆን፦ የምትኖርበት ከተማ ስሙ ማን ነው?

ባለ ባጃጁ፦ ስም ነው በቃ። ባሕር ዛፍም ባሕር አለበት። ግቢያችን ውስጥ ሁለት አለ፤ እስካሁን ሰጥሜ አላውቅም።

ሲስ ባሕር ዳር፦ 😂😂

ጋሼ መምህሩ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። በግዕዝ «ባሕር» ትልቅ ውኃ ሁሉ ነው። ጨው ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። «ሐይቅ» ግን በግዕዝ ዳርቻ ማለትም ነው። እንዲያውም ከተማዋን ሐይቅ ዳር ብትሏት ዳር ዳር ማለት ይሆንባችሁ ነበር። ደግሞ ወንጌሉን አስታውሱ፤ የገሊላ ባሕር ይላል። የገሊላ ውኃ ስፋቱ 166 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከ3,000 በላይ ነው። ያኛው ባሕር ከተባለ ይሄኛው ምን ሊባል ነው?

ባለ ባጃጁ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ትምህርት ቤት «ሐይቅ» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ፈተና ላይ «ባሕር» ብል ነጥብ ይሰጡኝ ነበር?

ጋሼ መምህሩ፦ አልሰጥህም ነበር። አንተ ሌላውንም አትመልስም።

ወለቃ፦ እኔ ጎንደር ነው ያደግሁት፤ ጎረቤቶቻችን ቤተ እስራኤል ነበሩ። ስለ ሰንበታቸው እንደ ተረት ስታወሩ ገረመኝ። ቅዳሜ እሳት አይነድም፤ ዓርብ የተለኮሰውም አያድርም። የቀዘቀዘ ይበላል። በዓሉንም «በዓለ መጸለት» ነው የሚሉት። እነዚያ ሦስቱ ከደቅ ንቅንቅ አንልም ካሉ፣ እናታቸው ያሳደገቻቸው እንደዚያ ነው።

ባለ ባጃጁ፦ ፈላሾቹማ ያው እንደኛ ሐበሾች ናቸው፤ ይግባባሉ። ያስቸገሩት ፈረንጆቹ ናቸው።

ወለቃ፦ ያ ስም ስድብ ነው። ቤተ እስራኤል በል።

ባለ ባጃጁ፦ ይቅርታ፣ ሁሉም ሲል ሰምቼ ነው።

ወለቃ፦ ሁሉም ሲል ነው ስድብ የሚሆነው።

የደንገል ልጅ፦ እሺ ወደ ጉዳዩ። ያስቸገረው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለእስራኤሎቹ ጉዞ የማይፈቀድበት የበዓሉ መጀመሪያ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ማታ አበቃ። ከእስራኤል ውጭ የሚኖር ግን ሁለት ቀን ያከብራል። እሑድ ጠዋት እስራኤሎቹ ጨርሰዋል፣ አሜሪካኖቹ ገና መሀል ላይ ናቸው። አንድ ጀልባ፣ ሁለት የቀን መቁጠሪያ! እስራኤሎቹ ግን «እንሂድ» አላሉም። በሌሎቹ ፊት በዓሉን መሻር ነውር ነው ብለው ዝም ብለው አብረው ተቀመጡ። አንዱ የጎንደር ሽማግሌ ብቻ ወደኔ ጠጋ ብለው «እኛ ድሮ አንድ ቀን ነበር የምናከብረው፤ ሁለተኛውን ሰዎቹ ናቸው ያመጡት» አሉኝ።

ካፒቴኑ፦ አያችሁ? እነሱም አልተስማሙም። እነሱ ሳይስማሙ ቀኔ የሚሄደው የኔ!

ሲስ ባሕር ዳር፦ ውሉ ላይ አራት ቀን ይላል፤ አራት ቀን ተከፈለህ። ጀልባው ቆመ ሄደ ምን አገባህ?

ካፒቴኑ፦ እሑድ ጠዋት ጎርጎራ ሌላ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ስልኩን እያየሁ ዋልኩ።

ኔታንያ ያለው፦ ወንድሞቼ፣ ከሩቅ ልግባ። ይሄ ጭቅጭቅ ለነሱ አዲስ አይደለም። ሚሽና በሚባለው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። አራት ሊቃውንት፣ ረባን ገማልያል፣ ኤልዓዛር፣ ኢያሱና አቂባ፣ ከጣሊያን ወደብ ከብሪንዲዚ በመርከብ ሲመለሱ ሰንበት ባሕር ላይ ያዛቸው። ሁለቱ መርከቧን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሱባት። ሁለቱ ደግሞ ከቆሙበት ከአራት ክንድ አላለፉም። አንድ መርከብ፣ አራት ሊቅ፣ ሁለት ፍርድ። መጽሐፉም የሁለቱንም ጽፎ ነው የተወው።

ዲያቆን፦ ሚሽና ለኛ ምናችን ነው? እኔ የጠቀስኩት ኩፋሌን ነው።

ወለቃ፦ ለቤተ እስራኤልም ቢሆን ሚሽና እዚህ አልነበረም። የነሱ መጽሐፍ ኦሪትና «ትእዛዘ ሰንበት» ነው። ይሄን ማንም አይልም።

ኔታንያ ያለው፦ አሁን ግን ልጆቻቸው እየተማሩት ነው። እዚህ እስራኤል ብትመጣ ታያለህ።

ወለቃ፦ አያቶቻቸው ስህተተኞች ነበሩ ማለትህ ነው?

ኔታንያ ያለው፦ ያንን የት አልኩ?

ዲያቆን፦ ወደ «ባሕር» እንመለስ።

ባለ ባጃጁ፦ ወደ ሐይቁ።

እትዬ ወጥ ቤት፦ እናንተ ስትከራከሩ ውኃው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልናገር። ቅዳሜ እሳት የለም፤ የዓርቡን በልተው አደሩ። እሑድ ግን፣ በዓል ብቻ ስለሆነ፣ ማብሰል ይቻላል ተባልኩ። ክብሪት መጫር ግን አይቻልም! ከበዓሉ በፊት ከተለኮሰ እሳት ነው የሚወሰደው። ስለዚህ ዓርብ አመሻሽ አንዲት ፋኖስ ለኮስን። ነፋስ እንዳያጠፋት ባልዲ ውስጥ አስገብቼ፣ በእርጥብ ማዳበሪያ ዙሪያዋን ከልዬ፣ ሁለት ሌሊት እንደ ሕፃን ጠበቅኳት። ካፒቴኑ ደግሞ በየሰዓቱ እየመጣ «እትዬ፣ ቤንዚኑ አጠገብ ነው፣ እትዬ፣ ሁላችንንም ታነጂን» ይለኛል። እሑድ ጠዋት ከሷ ለኩሼ ቆሮሶ ጠበስኩ።

ሲስ ባሕር ዳር፦ አምባዛ አልነበረም?

እትዬ ወጥ ቤት፦ አምባዛ አይበሉም። ቅርፊት የለውማ። ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሦስት ትልልቅ አምባዛ ይዞ መጥቶ በንዴት መለሳቸው።

ካፒቴኑ፦ እትዬ፣ ቤንዚኑ እኮ እውነት ሁለት ሜትር ላይ ነበር። ለራሴ ብቻ ነው እንዴ የፈራሁት?

እትዬ ወጥ ቤት፦ አንተ ዓርብ ማታ ከኋላ ሆነህ ሲጋራ ታጨስ አልነበር?

ካፒቴኑ፦ …

ባለ ባጃጁ፦ ዳሱስ? ጀልባ ላይ እንዴት ዳስ ይሠራል?

የደንገል ልጅ፦ በደንገል! ጣሪያው ከምድር የበቀለና የተቆረጠ መሆን አለበት ብለው ነበር። ከዳር ደንገል አስመጣን፤ የጀልባው ፊት ላይ በአራት እንጨት አቆምን። ሐሙስ ማታ ያማረ ነገር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የታወቀው የጣና ነፋስ ተነሣና ጣሪያውን አንሥቶ ወሰደው። ጀልባ ላይ የሚሠራው ልጅ ሮጦ ሊይዘው ሲል «ተው፣ ዛሬ አይሠራም» አሉት። ሁላችንም ቆመን ደንገሉ እየተንሳፈፈ ሲሄድ አየን።

ኔታንያ ያለው፦ 😂 ይሄም አለ! ረቢ አቂባ መርከብ ፊት ላይ ዳስ ሠርቶ፣ በማግስቱ ነፋስ ወሰደበት። ገማልያል «አቂባ፣ ዳስህ ወዴት ነው?» ብሎ ቀለደበት።

የደንገል ልጅ፦ ሽማግሌውም ይሄንን ነው ያሉት! ሳቁ አንቆ ሊገድላቸው ነበር።

ዲያቆን፦ ስለዚህ ነፋሱም «ጣና ላይ ምን አመጣችሁ» ብሏቸዋል።

ሲስ ባሕር ዳር፦ ዲያቆን፣ አሁንስ አበዛኸው። ታቦተ ጽዮን ጣና ቂርቆስ የገባችው በምንድን ነው? በታንኳ አይደለም እንዴ? ቀኑ ቅዳሜ እንዳልነበር በምን ታውቃለህ?

ዲያቆን፦ ይህ ድፍረት ነው። ታቦቷ እዚያ 600 ዓመት ተቀምጣለች። ቀልድ አይደለም።

ወለቃ፦ እኔ ከአባቶች የሰማሁት 800 ነው።

ዲያቆን፦ 600!

ጋሼ መምህሩ፦ ትውፊቱ በሁለቱም ይነገራል፤ ለዚህ አትጣሉ። ይልቅ አንድ ነገር ልበል። ቅዳሜን እንደ ባዕድ ነገር አታውሩት። በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ሆነው እንዲከበሩ የወሰነው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ዐፅሙ ያለው የት ነው? ዳጋ እስጢፋኖስ። ሰዎቹ ቅዳሜ ቆመው ፊት ለፊት ሲያዩት የዋሉት ደሴት።

ወለቃ፦ ጋሼ፣ ዘርዐ ያዕቆብን ለዚህ አይጥሩብን። በቤተ እስራኤል ላይ ያደረገው ተጽፎ ያለ ነው።

ጋሼ መምህሩ፦ ልክ ነህ። እሱን አልካድኩም።

ባለ ባጃጁ፦ ግን ዳጋ ፊት ለፊት ከሆነ ለምን አልሄዱም? አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የደንገል ልጅ፦ በጀልባ ነዋ! ሰንበት ላይ ከሰፈር ውጭ የሚፈቀደው 2,000 ክንድ ነው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም በእግር። ሴቶቹ ደግሞ ቅዳሜ ባይሆንም ዳጋ አይገቡም።

ባለ ባጃጁ፦ ዲያቆን፣ ቅዳሜ ለኛም ሰንበት ከሆነ ለምን ባለፈው ቅዳሜ ባጃጄ ላይ ተሳፍረህ ገበያ ሄድክ?

ዲያቆን፦ ባጃጅ መርከብ ነው እንዴ?

ባለ ባጃጁ፦ አስፋልቱ ባሕር አይደለማ።

ዲያቆን፦ አሁን አመንክ! ባሕር የሚባል ነገር አለ ማለት ነው፤ ጣናም እሱ ነው።

ባለ ባጃጁ፦ ኧረ ጉድ! ከየት አምጥተህ ነው?

ካፒቴኑ፦ ለጥያቄዬ መልስ አልሰጣችሁኝም። የሚቀጥለው ቡድን ሲመጣ የቆመበት ቀን በምን ሒሳብ ይታሰባል? ሙሉ ነው ግማሽ? ይሄን እንወስን። ከዚያ ባሕርም በሉት ኩሬ።

የደንገል ልጅ፦ ሙሉ ይሁን። ግን አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ውል ላይ ይጻፍ።

ሲስ ባሕር ዳር፦ ግማሽ ነው የሚገባው። ሞተር አልሠራም።

ካፒቴኑ፦ አንቺ ጀልባ አለሽ?

ሲስ ባሕር ዳር፦ አንተ ኅሊና አለህ?

ጋሼ መምህሩ፦ በአካል ተገናኝታችሁ ጨርሱት። ቅዳሜ ከሰዓት ይመቻችኋል?

ካፒቴኑ፦ ቅዳሜ ዘጌ እንግዳ እወስዳለሁ። እሑድ ጠዋት ቢሆንስ?

ዲያቆን፦ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው።