አስቸኳይ፦ በጉዲፈቻ ልንወስዳቸው የጀመርናቸው መንታዎች ነገ ከሙቀት ክፍል ይወጣሉ ተባልን፤ ወተት የለኝም፣ ካንጋሮም ተከልክያለሁ

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስለምጽፍ ለአጻጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከባለቤቴ ጋር በጉዲፈቻ ልንወስዳቸው የጀመርናቸው መንታዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ያለጊዜያቸው ስለተወለዱ እስካሁን በሙቀት ክፍል ቆይተዋል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ማሞቂያው ለሌሎች ሕፃናት ስለተፈለገ ነገ ጠዋት ወደ ካንጋሮ ክፍል (ሕፃናት በሰው ባዶ ደረት ላይ ታቅፈው ወደሚሞቁበት) እንደሚዛወሩ ተነገረን። ተረኛዋ ነርስ በካንጋሮ የምትይዛቸው የወለደቻቸው እናት ብቻ እንደሆነች፣ እኔ በጉብኝት ሰዓት ብቻ መግባት እንደምችል ገልጻልኛለች። ወላጅ እናታቸው ደግሞ የለችም። በዚያ ላይ ሴቷ ትናንት ሌሊት ትንፋሿ ቆሞ የእግሯን መዳፍ ሲነኳት ነው የተመለሰችው። ነገ ጠዋት የሚጠጡትን ወተት ገዝቼ እንድመጣም ታዝዣለሁ። የትኛውን ልግዛ? በአቅራቢያችን ያለው ፋርማሲ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይዘጋል።

መካሪው ከኮተቤ
እህታችን፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሐሳባችሁ የተቀደሰ መሆኑን መመስከር እፈልጋለሁ። ይሁን እንጂ የዘመኑ ሰው ነገርን በእርጋታ መያዝ አልቻለም። ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ልጆቻችንን የማሳደግ ኃላፊነት በእኛው ትከሻ ላይ መውደቁ እርግጥ ነው፤ ኃላፊነት ማለት ግን መቸኮል ማለት አይደለም። ሕፃናቱ ድነው፣ ኪሎ ጨምረው፣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ብትረከቧቸው ለእናንተም ለእነሱም ይበጅ ነበር። ገና በሕይወት የመቆየታቸው ነገር ባልለየበት ሁኔታ ልብን ማሰር ለሐዘን መዘጋጀት ነው። ደግሞም ጡት ያላጠባች ሴት ወተት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ከምትሮጥ ሞያውን ለባለሞያ ብትተው ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ሲስተር (ጡረተኛ)
ወንድሜ፣ የሚነካቸው ሰው የሌላቸው ሕፃናት "እስኪድኑ" ድረስ እንዲጠበቁ መምከር የሚድኑበትን መንገድ እንደ መዝጋት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አልስማማም።

እመቤቴ፣ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ጥቂት ነገሮችን ይንገሩኝ። በስንት ሳምንታቸው ተወለዱ? ዛሬ ስንት ይመዝናሉ? ኦክስጅን ላይ ናቸው ወይስ ወጥተዋል? የሚመገቡት በአፍንጫ ቱቦ ነው ወይስ በስኒ? እስከ ዛሬስ የሚጠጡት ምን ነበር? በእጃችሁ ያለው ወረቀት ከየት የተሰጠ ነው?

ጠያቂዋ
ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ዘለልኩት። እናትየው ወልዳ ስለሄደች ትክክለኛ ሳምንቱን የሚያውቅ የለም፤ ሐኪሙ ግን የእግራቸውን መዳፍ ሽብሽብ፣ የጆሯቸውን ጥንካሬና ቆዳቸውን አይቶ 31 ሳምንት ገደማ ነበሩ ብሎ ገምቷል። አሁን ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። ወንዱ 1,650 ግራም፣ ሴቷ 1,380 ግራም ይመዝናሉ። ኦክስጅን ካቆሙ ቆይተዋል። በአፍንጫ ቱቦ የዱቄት ወተት ይሰጣቸዋል፤ የምርቱን ስም አላየሁም። ወረቀቱ ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ የተጻፈ ጊዜያዊ ደብዳቤ ነው። ፍርድ ቤት ገና አልቀረብንም። የባለቤቴ እህት በቅርቡ ስለወለደች "እኔ አጠባቸዋለሁ" ብላለች፤ ይቻላል?

እማማ ዘነበች
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ። እኛ በዱሮ ጊዜ ሰባት ወር የተወለደ ልጅ ሲገጥመን ለጋ ቅቤ አንጥረን ጠዋት ጠዋት እናውጠው ነበር፤ አናቱንም እንቀባዋለን። በጥጥ ጠቅልሎ እሳት ዳር ማስተኛት ነው። ስንቱ አድጎ ዛሬ ኢንጂነር ሆኗል።

ባለ ቀልዱ
እማማ፣ እሳት ዳር የተኛው ኢንጂነር ሆነ፤ ሳያድግ የቀረውን ግን ማንም አልቆጠረውም። ቅቤውን ለዶሮ ወጥ እናስቀምጠው።

ለጠያቂዋ ባለቤት ግን ቁም ነገር አለኝ። አባትም በካንጋሮ መያዝ ይችላል፤ እኔ ይዣለሁ። እንዲያውም ሆዱ ተረፍረፍ ያለ አባት ይመረጣል፣ ሕፃኑ መደገፊያ ያገኛል። ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ይልበስ፣ ሽቶ አይቀባ፣ ሰዓትና ቀለበቱን ቤት ይተው፣ እስከ ክርኑ ድረስ በሳሙና ይታጠብ። በጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ መተኛት ስለማይፈቀድለት ሁለት ትራስ ይያዝ፤ ሆስፒታል ውስጥ ትራስ ከመድኃኒት ይልቅ ይወደዳል።

ሲስተር (ጡረተኛ)
ቅቤ ማዋጥን በተመለከተ በቀልድ ብቻ እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ። በዚህ ዕድሜ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ ገና ተቀናጅተው አይሠሩም፤ ይህ ቅንጅት የሚመጣው 34 ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ በአፍ የገባ ቅቤ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከታዘዘው በስተቀር ምንም ነገር በአፋቸው አይግባ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እርስዎ የጠየቁት ስለ ወተት ቢሆንም እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የሴቷ ትንፋሽ ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎላቸው ክፍል ስላልበሰለ ለ20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ትንፋሻቸው ሊቆም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ጀርባቸው ሲታሸት ወይም እግራቸው ሲነካ ይመለሳሉ፣ ለዚህም ካፌይን ወይም አሚኖፊሊን የሚባል መድኃኒት ይታዘዛል። ነገር ግን ቀደም ሲል ያልነበረ የትንፋሽ መቆም ከሁለት ሳምንት በኋላ ድንገት ከመጣ የኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ የደም ማነስ ወይም የቅዝቃዜ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ ተረኛውን ሐኪም ያነጋግሩ። "ትናንት ሌሊት የሆነው በካርዷ ላይ ተጽፏል ወይ? ምርመራ ተደርጓል ወይ? በምትዛወርበት ክፍል የኦክስጅን መጠን የሚያሳይ መሣሪያ አለ ወይ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ ካላረካዎ ወንዱ ብቻ እንዲዛወር፣ ሴቷ እንድትቆይ በትሕትና ግን በጽናት ይለምኑ።

ካንጋሮን በተመለከተ ነርሷ የነገረችዎ ትክክል አይደለም። ይህ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ቦጎታ ማሞቂያ በማነሱ ምክንያት የተጀመረ ነው፤ እኛም አገር ከተለመደ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲያዙ፣ እናት በማትኖርበት ጊዜ አባት ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል እንዲይዝ ይላል። አያያዙን ልግለጽ፦ ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በባዶ ደረትዎ መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ እጆቹና እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ፤ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ አንገቱ በትንሹ ቀና ይላል። መታቀፊያው ጨርቅ ከጆሮው በታች ድረስ ጠበቅ ብሎ ይታሰራል። አገጩ ደረቱን ከነካ ትንፋሹ ይታፈናልና ይህን ደጋግመው ይዩ። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት።

የመንታ አባት
እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ አባት ካንጋሮ መያዝ ይችላል። ሁለት ሕፃናት፣ ሁለት ደረት። ነርሷ እምቢ ካለች የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ እዚህ አሜሪካ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል እሠራለሁ። እናት በማትኖርበት ጊዜ ከወተት ባንክ (እናቶች የለገሱት ወተት ከሚቀመጥበት) የተጣራ የእናት ወተት ታዝዞ፣ ማበልጸጊያ ተጨምሮበት ይሰጣል። የዱቄት ወተት ለእንደዚህ ዓይነት ሕፃናት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የአንጀት መቁሰልና መበስበስ የሚያመጣውን በሽታ ዕድል ከፍ ያደርጋል። የወተት ባንክ እንዲፈለግላቸው አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ባለ ቀልዱ
ባንኩ በምሽት ይከፈታል? ብድርም ይሰጣል?

ሲስተር (ጡረተኛ)
ከሲልቨር ስፕሪንግ የተጻፈው በመርሕ ደረጃ እውነት ነው፤ ለዛሬ ማታ ግን መልስ አይሆንም። የባለቤትዎ እህት ፈቃደኛ መሆን ትልቅ ዕድል ነው፣ ሆኖም ሐኪሙ ሳያውቅ በድብቅ እንዳይደረግ። አስቀድማ የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የቂጥኝ ምርመራ ታድርግ፤ የራሷ ሕፃንም እንዳይጎድልበት ይታሰብ። ሕፃናቱ ገና በቱቦ ስለሚመገቡ ጡት ላይ ማስያዝ ሳይሆን በታጠበ እጅ በንጹሕ ዕቃ ታልቦ መምጣት አለበት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የወላጅ እናታቸው ሁኔታ ስለማይታወቅ ሕፃናቱ የኤች አይ ቪ ምርመራ ተደርጎላቸው እንደሆነ ይጠይቁ። በዚህ ዕድሜ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል የእናትን ሁኔታ የሚያሳይ እንጂ እነሱ መያዛቸውን የሚያረጋግጥ ስላልሆነ ውጤቱ ቢያስደነግጥዎ ተስፋ አይቁረጡ፤ ለይቶ የሚያሳየው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ነው።

እስከዚያ ድረስ ዱቄት መግዛት ግድ ከሆነ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀውን ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን አሁን የሚሰጣቸውን ምርት ቆርቆሮ ፎቶ አንሥተው ወደ ፋርማሲ ይሂዱ፤ በአንድ ሌሊት መለወጥ ሆዳቸውን ሊያውክ ይችላል። የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ አይደለም። ስለዚህ ውኃው ፈልቶ ከወረደ በኋላ ከ30 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱ ይበጠበጥበታል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዕቃው ተነክሮ ይበርዳል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ቆርቆሮው ውድ ነው ብሎ ማቅጠን የተከለከለ ነው። መጠኑን ሐኪሙ ያዛል፤ ለምሳሌ ለሴቷ በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር በቀን ከታዘዘላት በጠቅላላው 221 ገደማ ይሆናል፣ በየ2 ሰዓቱ ሲከፋፈል በአንድ ጊዜ 18 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። ጡጦ አይግዙ፤ ከቱቦ ሲወጡ በትንሽ ስኒ ይለማመዳሉ።

ሕግ አጥኚ
ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሣም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ስምምነት ውጤት የሚኖረው ፍርድ ቤት ለልጁ ጥቅም መሆኑን አይቶ ሲያጸድቀው ነው። ባለትዳሮች በጋራ ማድረግ አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ሆስፒታሉ እናንተን እስካሁን እንደ ወላጅ ባይቆጥራችሁ በሕግ ረገድ አላጠፋም። መፍትሔው ከነርስ ጋር መከራከር ሳይሆን ደብዳቤውን ማስተካከል ነው። አሁን በእጃችሁ ያለው ላይ ሕፃናቱን እንድትንከባከቡ፣ ሌት ተቀን አብራችሁ እንድትሆኑና ለሕክምና ስምምነት እንድትሰጡ የሚል ቃል በግልጽ መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ ነገ ጠዋት ቢሮው እንደተከፈተ ተጨማሪ ደብዳቤ ለሆስፒታሉ እንዲጻፍ ጠይቁ። የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ በስልክ ልታፋጥንላችሁ ትችላለች፤ ከሐኪሙ ቀጥሎ ዛሬ ልታገኟት የሚገባችሁ እርሷን ነው።

መካሪው ከኮተቤ
ይኸው! እኔም ያልኩት ይህንኑ አልነበረም? እናትየው ነገ ብትመለስስ? ወልዳ የሄደች ሁሉ ጨካኝ አይደለችም፤ ደንግጣ፣ ቤተሰብ ፈርታ ይሆናል። እናንተ ደረታችሁ ላይ አስራችሁ ስትለምዷቸው ብትመጣ ምን ይባላል?

ሕግ አጥኚ
ከፍርድ ቤት ውሳኔ በፊት ብትመጣ ጉዳዩ እንደገና መታየቱ አይቀርም፤ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር ማገናኘት ቀዳሚ ነው። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው በኋላ ግን አሳዳጊው ልጁን በጽኑ የሚበድል ካልሆነ በቀር ጉዲፈቻ በዘፈቀደ አይሻርም። በዚያን ጊዜም ቢሆን ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ያም ሆነ ይህ፣ እናትየው ብትመለስ የምታገኛቸው ሞቀውና ጠግበው የቆዩ ልጆች ቢሆኑ ምኑ ይከፋል?

እማማ ዘነበች
ቅቤውን ትቼዋለሁ። ኮፍያ ልሠራላቸው እችላለሁ፤ የጭንቅላታቸውን ልክ ንገሪኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ጠያቂዋ ራሷ ወተት ማምጣት የምትችልበት መንገድም እንዳለ ማንም አልነገራትም። ያልወለደች ሴት በቀን 8 ጊዜና ከዚያ በላይ ጡቷን በእጅ ወይም በማለቢያ እያነቃቃች፣ ሕፃናቱን ደረቷ ላይ እያዋለች ከሳምንታት በኋላ የተወሰነ ወተት ልታገኝ ትችላለች። ለሁለቱም ላይበቃ ይችላል፤ ጥቂቱም ግን አይናቅም።

የመንታ አባት
አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በግርግሩ መካከል የሚረሳው እርሱ ነው። በተወለዱ በ4ኛው ሳምንት አካባቢ የዓይን ሐኪም የዓይናቸውን የኋላ መጋረጃ እንዲያይላቸው ቀጠሮ አስይዙ። ኦክስጅን ላይ የቆዩ ትንንሽ ሕፃናት እዚያ ቦታ ላይ ያሉት የደም ሥሮቻቸው ያለአግባብ ሊያድጉ ይችላሉ፤ በጊዜው ከታየ ይታከማል፣ ካለፈ ግን ማየት እስከማጣት ያደርሳል። ምርመራው በሁሉም ሆስፒታል ስለማይሰጥ የት እንደሚደረግ ከአሁኑ ጠይቁ፤ ቀጠሮውንም በሁለቱም ካርድ ላይ ለየብቻ አስጽፉ፤ የእኛ ልጆች ሲመረመሩ አንዱ ካርድ ላይ ብቻ ተጽፎ ስለነበር ሌላውን ለማስገባት ተከራክረናል።

ባለ ቀልዱ
ጠያቂዋ ሆይ፣ 2 ሰዓት አልፏል። ፋርማሲው ዘጋ ወይስ ደረስሽ? ሐኪሙስ ስለ ሴቷ ምን አለ?

ሲስተር (ጡረተኛ)
ሌሊቱን ስልኬ ክፍት ነው። እዚህ ከጻፉ አያለሁ።