የከርከዴ «ወይኔ» ጠርሙስ ውስጥ እየፈላብኝ ነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው ያለሁት። ማዕድ ላይ የወይንን ቦታ የሚተካ፣ አልኮል የሌለው መጠጥ እየሠራሁ ነው። ለ5 ሊትር ውሃ 150 ግራም ከርከዴ፣ 300 ግራም ስኳር፣ ትንሽ ቅርንፉድና ዝንጅብል እጠቀማለሁ። ከርከዴ ብቻውን ግን ጁስ ጁስ ይላል። ወይን አፍ ውስጥ የሚተወውን ድርቅ የሚያደርግ ነገር ያገኘሁት ከቁጢ፣ ከቡና ቅጠል ሻይ፣ ነው። ሐረር ያለችው አክስቴ የላከችልኝን የቡና ቅጠል ምጣድ ላይ አመስ አድርጌ፣ በፈላ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፈዘፍኩት። በቃ፣ ድድ ያዝ የሚያደርግ ጣዕም መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ኮርቻለሁ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጠርሙሶቹን ቀቅዬ፣ መጠጡን በሻሽ አጥልዬ ሞላሁ። በአራተኛው ቀን ክዳኑ ዙሪያ አረፋ ታየ። አንዱን ስከፍት ጷ ብሎ ነጠላዬን አቀላው። ሽታው ጠጅ ጠጅ ይላል። ክፍሉ ከሰዓት በኋላ 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ እርሾ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ብዙዎቹ ደንበኞቼ ሙስሊሞች ናቸው። «አልኮል የለውም» ብዬ የፈላ ነገር አልሰጥም።

ፍሪጅ ሞከርኩ፤ መብራት ሲጠፋ ዋጋ የለውም። ሎሚ ጨመርኩ፤ የፒኤች (የጎምዛዛነት መለኪያ) ወረቀቱ 3፣ ማለትም በጣም ጎምዛዛ፣ ቢያሳይም መፍላቱ አልቀረም። ከነጠርሙሱ 85 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አቆየሁት። 3 ሳምንት ዝም አለ፤ ግን ቀይነቱ ወደ ቡኒ ሄደ፣ ጣዕሙም ማርማላታ ሆነ።

እንዲህ ጎምዛዛ ለሆነ መጠጥ፣ እርሾውን የሚገድለው ጣዕሙን ግን የማያበስለው ስንት ዲግሪ ለስንት ደቂቃ ነው?